ሌንሱ አይጠግነውም፦ በአይሲፒ-ኤምኤስ የአዮኖች ኢነርጂ የሚበታተነውና የሚስተካከለው የት ነው?

አይሲፒ-ኤምኤስ ናሙናን በአርጎን ፕላዝማ ወደ አዮን ለውጦ፣ አዮኖቹን በክብደታቸው (በማስ) ለይቶ የሚቆጥር መሣሪያ ነው። በእሱ አርሴኒክን በማስ 75 ላይ የሚለካ ላቦራቶሪ ይህን ችግር ያውቀዋል። ጠዋት ላይ ክሎራይድ ያለበት ብላንክ (አርሴኒክ የሌለበት ማነጻጸሪያ ፈሳሽ) ሲገባ፣ በኮሊዥን ሴሉ (አዮኖች ከጋዝ ጋር የሚጋጩበት ክፍል) ውስጥ ያለው ሂሊየም በዚያው ማስ 75 ላይ የሚታየውን አርጎን ክሎራይድ ጠርጎ ያስቀረዋል። ከሰዓት በኋላ ያው ብላንክ፣ በዚያው የሂሊየም ፍሰት፣ ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ይመጣል። እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሌንሶቹ ነው። የሌንሶቹ ራስ-ሰር ማስተካከያ (አውቶ-ቲዩን) ይጫናል፤ ሲግናሉ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ብላንኩ ግን ከነበረበት አይወርድም። አንዳንዴ እንዲያውም ይብሳል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከሌንሱ በፊት ነው። አዮኖቹ ሌንሱ ዘንድ ሲደርሱ የተለያየ ኢነርጂ ይዘው ከሆነ፣ በቮልቴጅ ብቻ የሚሠራ ሌንስ ያንን ልዩነት ሊያጠበው አይችልም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ሊዩቪል ያስቀመጠው መርህ እዚህ ይሠራል፦ አዮኖችን የሚገፋ ወይም የሚስብ የኤሌክትሪክ መስክ የቦታና የፍጥነት ስርጭታቸውን ቅርፅ ይለውጣል እንጂ ጠቅላላ ስፋቱን አይጨምቀውም። ሁሉንም አዮኖች በ10 ቮልት ብናፋጥን ሁሉም 10 ኤሌክትሮን ቮልት ይጨምራሉ (ኤሌክትሮን ቮልት አንድ ቻርጅ ያለው አዮን በ1 ቮልት ሲፋጠን የሚያገኘው ኢነርጂ ነው)፤ በመካከላቸው የነበረው የ6 ኤሌክትሮን ቮልት ልዩነት ግን እንዳለ ይቀጥላል። ልዩነቱን ለማጥበብ መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ከምንጩ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ሁለተኛው በጋዝ ግጭት ማቀዝቀዝ ሲሆን፣ ሦስተኛው በኤሌክትሮስታቲክ አናላይዘር ማካካስ ወይም ማጣራት ነው። ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጀመሪያው ነው።

አዮኑ ይህን ኢነርጂ ከየት ያመጣዋል? ከሁለት ቦታ ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየትም የሥራው ግማሽ ነው።

የመጀመሪያው ከጋዙ የሚገኝ ነው። የአርጎኑ ፕላዝማ በከባቢ አየር ግፊት ላይ ይነዳል፤ ጋዙን ወደ መሣሪያው ከሚያስገባው ሳምፕለር ኮን ቀዳዳ በስተጀርባ ያለው ክፍል ግን 2 ቶር ገደማ ግፊት ነው ያለው (በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 760 ቶር ነው)። ጋዙ በ1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሲያልፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይወነጨፋል፤ ሙቀቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ጉዞ ይለወጣል። የጋዙ ሙቀት 5,000 ኬልቪን ከሆነ የአርጎን አቶሞች በሰከንድ 2,300 ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። በዚህ ጎርፍ ውስጥ ያሉ ሌሎች አዮኖች ሁሉ፣ ቀላልም ይሁኑ ከባድ፣ በአርጎኑ ፍጥነት ይወሰዳሉ። ፍጥነቱ አንድ ሆኖ ክብደቱ ሲለያይ ኢነርጂው በክብደቱ ልክ ይለያያል። በዚህ ስሌት አርጎን 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲይዝ፣ ሊቲየም 7 የሚይዘው 0.2፣ ዩራኒየም 238 ደግሞ 6.4 ነው። ይህ ልዩነት የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ማንም አያጠፋውም። የምንችለው ከቀን ቀን እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የፕላዝማው የራሱ ፖቴንሺያል ነው። ፕላዝማው የሚነደው በዙሪያው ባለው የመዳብ ኮይል ውስጥ በሚሄድ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ኃይል ነው፤ ፍሪኩዌንሲው በአብዛኛው 27.12 ወይም 40.68 ሜጋኸርዝ፣ ኃይሉ ደግሞ ከ1,000 እስከ 1,600 ዋት ነው። ኮይሉ ፕላዝማውን ማሞቅ የሚገባው በማግኔት መስኩ ነው። ነገር ግን አንዱ ጫፉ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ላይ፣ ሌላው ጫፉ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ላይ ስለሆነ፣ በኮይሉና በፕላዝማው መካከል ያለው ክፍተት እንደ ካፓሲተር ሆኖ ቮልቴጅ ያሻግራል። ፕላዝማው ከኮኑ አንፃር ከፍና ዝቅ ማለት ይጀምራል። አዮኑ ኮኑን ሲያልፍ ፕላዝማው በዚያች ቅጽበት የነበረበትን ቮልቴጅ ይዞ ይወጣል፤ ቮልቴጁ በሰከንድ 27 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚወዛወዝ፣ ተከታትለው የወጡ ሁለት አዮኖች የተለያየ ኢነርጂ ይኖራቸዋል። ስርጭቱን በዋናነት የሚያሰፋው ይህ ነው። ያልተመጣጠነ ኮይል ያለው ፕላዝማ የአዮኖቹን ኢነርጂ እስከ 20 ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ሊበትነው ይችላል። በደንብ የተመጣጠነ ወይም የተከለለ ፕላዝማ ግን ፖቴንሺያሉ 2 ወይም 3 ቮልት ላይ ይረጋል፤ ስርጭቱም በዚያው መጠን ይጠባል።

ይህ ችግር ከመሣሪያው ጋር የተወለደ ነው። በአሜሪካ አዮዋ የኤምስ ላቦራቶሪው ሮበርት ሃውክና የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከእንግሊዛዊው አላን ግሬይ ጋር፣ የመጀመሪያውን የአይሲፒ-ኤምኤስ ውጤት በ1980 ሲያሳትሙ የሳምፕለሩ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነበር። ቀዳዳው ሰፍቶ ፕላዝማው በቀጥታ ሲገባ ግን በፕላዝማውና በኮኑ መካከል ነጭ ብልጭታ ታየ። ይህ ሁለተኛ ደረጃ ዲስቻርጅ የሚባለው ነው፦ የአዮኖቹን ኢነርጂ ይበትናል፣ ሁለት ቻርጅ ያላቸውን አዮኖች ያበዛል፣ የኮኑን ጠርዝም ይበላል። በካናዳ ዳግላስና ፍሬንች ኮይሉን መሃሉ ላይ ግራውንድ በማድረግ ሁለቱ ጫፎች ተቃራኒ ቮልቴጅ እንዲኖራቸውና በመሃል እንዲሰረዙ አደረጉ። ሌላው መንገድ በኮይሉና ፕላዝማውን በሚይዘው የኳርትዝ ቱቦ (በቶርቹ) መካከል ቀጭን የብረት ሲሊንደር አስገብቶ ግራውንድ ማድረግ ነው፤ ሺልድ ቶርች የሚባለው ይህ ነው። ሲሊንደሩ በቁመቱ የተሰነጠቀ ነው፤ ሙሉ ክብ ቢሆን ኖሮ በውስጡ ዙሪያውን ጅረት ሄዶ ማሞቂያውን የማግኔት መስክ ራሱ ይዘጋው ነበር። ስንጥቁ የማግኔት መስኩን ያሳልፋል፤ ሲሊንደሩ የኤሌክትሪክ መስኩን ያስቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሺልዱ ተቀምጧል ማለት ሺልዱ ይሠራል ማለት አይደለም። ሺልዱ የሚሠራው በ27.12 ሜጋኸርዝ ግራውንድ ሲሆን ነው፤ መልቲሜትር ደግሞ የሚለካው በቀጥተኛ ጅረት ነው። 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ሽቦ በመልቲሜትር ዜሮ ኦም ቢያሳይም፣ ኢንደክታንሱ 100 ናኖሄንሪ ገደማ ስለሆነ በዚህ ፍሪኩዌንሲ 17 ኦም ያህል ተቃውሞ ያሳያል። ስለዚህ የሺልዱ ማገናኛ አጭርና ሰፊ ልጥፍ መሆን አለበት፤ የተሰበረውን በተገኘ ሽቦ መተካት የተከለለውን ፕላዝማ ወደ ግማሽ የተከለለ ፕላዝማ ይለውጠዋል። የመልቲሜትሩ ፈተና ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። መሣሪያው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሺልዱ እስከ ኢንተርፌሱ (ኮኖቹ የሚቀመጡበት ክፍል) ብረት ሲለካ ከ1 ኦም በላይ ከታየ፣ የመገናኛው ነጥብ ዝጓል ወይም ላልቷል ማለት ነው። ነጥቡን በስስ የአሸዋ ወረቀት ማጽዳት፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ፣ ብሎኑንም እንደገና ማጥበቅ ይበቃል። ሺልዱ ራሱ ከጠቆረ፣ ከተጣመመ ወይም ጫፉ ከቀለጠ ግን መቀየር ነው ያለበት።

ስርጭቱ ሲሰፋ የሚጎዳው ምንድን ነው? መልሱ እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል።

ኳድሩፖል የሚባለው ባለ አራት ዘንግ የማስ ማጣሪያ አዮኖችን የሚለየው በዘንጎቹ መካከል ሲያልፉ በሚያዩት የመስክ ዑደት ብዛት ነው፤ የመለየት አቅሙም ከዑደቱ ብዛት ካሬ ጋር ይሄዳል። 20 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው፣ በ2.5 ሜጋኸርዝ በሚሠራ ኳድሩፖል ውስጥ 5 ኤሌክትሮን ቮልት የያዘ ዩራኒየም ወደ 250 ዑደት ያያል። ያው አዮን 20 ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ ቢገባ የሚያየው 125 ብቻ ነው፤ የመለየት አቅሙ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሊቲየም ደግሞ ፈጣን ስለሆነ በ5 ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ 43 ዑደት ያህል ብቻ ነው የሚያየው። ውጤቱ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የፒኩ (የአንድ ማስ ሲግናል ጉብታ) እግር ወደ ጎን ሲሳብ ነው። ከፍተኛ መጠን ያለው ንጥረ ነገር አጠገብ ያለን ጥቂት ነገር የሚለካ ሰው ይህን እግር ወዲያው ያየዋል።

በኮሊዥን ሴል ላይ ያለው ጉዳት የበለጠ ረቂቅ ነው፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠሩትም በዚሁ ስለሆነ በቁጥር እንየው። በሴሉ ውስጥ ያለው ሂሊየም አርሴኒክንም አርጎን ክሎራይድንም ያዘገያል። ሁለቱም ክብደታቸው 75 ስለሆነ በአንድ ግጭት በአማካይ የሚያጡት እኩል ነው፦ ከኢነርጂያቸው 10 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ አርጎን ክሎራይድ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መጋጨቱ ላይ ነው። ለምሳሌ አርሴኒክ 10 ጊዜ፣ አርጎን ክሎራይድ 15 ጊዜ ይጋጫሉ እንበል። ሁለቱም በ18 ኤሌክትሮን ቮልት ቢገቡ፣ አርሴኒክ በ6.6፣ አርጎን ክሎራይድ በ4.0 ይወጣል። ከሴሉ ወደ ኳድሩፖሉ የ5 ቮልት አጥር ካስቀመጥን አርሴኒክ ያልፋል፣ አርጎን ክሎራይድ ይቀራል። ንጹህ ሥራ ነው።

አሁን የመግቢያ ኢነርጂያቸው በ18 ዙሪያ ላይና ታች በ6 ኤሌክትሮን ቮልት ቢበታተንስ? በ12 የገባው አርሴኒክ በ4.4 ይወጣና አጥሩ ያስቀረዋል። በ24 የገባው አርጎን ክሎራይድ በ5.3 ይወጣና አጥሩን ይዘላል። የምንፈልገው ተከለከለ፤ የማንፈልገው አለፈ። አጥሩን ብናስረዝም አርሴኒኩ ያልቃል፤ ብናሳጥር አርጎን ክሎራይዱ ይጎርፋል። ሂሊየም ብንጨምር ብላንኩ ይወርዳል፣ የመሣሪያው ስሜታዊነትም (ጥቂት መጠንን የማየት አቅሙ) አብሮ ይወርዳል። ግጭት በአማካይ የሚነገር ነገር ስለሆነ እውነተኛው ሥዕል ከዚህ ስሌት ይልቅ የደበዘዘ ጠርዝ አለው፤ የችግሩ ቅርፅ ግን ይኸው ነው። በማስ 56 ብረትን ከአርጎን ኦክሳይድ፣ በ80 ሴሊኒየምን ከአርጎን ዳይመር (ከተጣመሩ ሁለት የአርጎን አቶሞች) ለመለየት ሲሞከርም ያው ነው።

ይህ የወረቀት ጭንቀት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ከፍሎራይድ በተጨማሪ አርሴኒክ ከፍ ብሎ እንደሚገኝባቸው በጥናት የታወቀ ነው። በወሰኑ አካባቢ ያለ ውጤት ሲነበብ ብላንኩ በአንድና በሁለት ማይክሮግራም የሚዋዥቅ ከሆነ፣ አንድ ጉድጓድ ይዘጋ ወይም ይከፈት የሚለው ውሳኔ በሺልዱ ማገናኛ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ስርጭቱ ሰፍቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል? መለካት ይቻላል፤ አዲስ መሣሪያም አያስፈልግም። ዘዴው የማቆሚያ ኩርባ ይባላል። የሴሉን ጋዝ ዘግታችሁ፣ ሴሉን በቫኪዩም አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት። በሊትር 1 ማይክሮግራም ሊቲየም፣ ኮባልት፣ ኢትሪየም፣ ሴሪየም፣ ታሊየምና ዩራኒየም ያለበት የመቃኛ መፍትሔ አስገቡ። ሌንሶቹን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆልፉ። ከዚያ የኳድሩፖሉን ባያስ (ዘንጎቹ ያሉበትን ቋሚ ቮልቴጅ) ከ5 ቮልት ነጋቲቭ ጀምራችሁ በ0.5 ቮልት እርምጃ ወደ 15 ፖዘቲቭ ውሰዱት፤ በየእርምጃው ለእያንዳንዱ ማስ ቆጠራውን መዝግቡ። ባያሱ ከአዮኑ ኢነርጂ ሲበልጥ አዮኑ መግባት ያቅተዋል፤ ቆጠራውም እንደ ገደል ይወርዳል። ገደሉ ግማሽ ላይ የደረሰበት ቮልቴጅ የአዮኑ አማካይ ኢነርጂ ነው። ከ84 በመቶ እስከ 16 በመቶ ድረስ የወረደበት ርቀት ደግሞ የስርጭቱ ስፋት ነው። ለቀላል ማሶች ከገደሉ በፊት ቀስ ያለ መውረድ ሊታይ ይችላል፤ የዘገዩ አዮኖች ከመግቢያው ውጭ ስለሚረግፉ ነው እንጂ እውነተኛ ስርጭት አይደለም። ለዚህ ነው ከአንድ ማስ ይልቅ ስድስቱን አንድ ላይ ማየት የሚሻለው።

አሁን አማካይ ኢነርጂውን በማስ ላይ ሣሉት። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ሊቲየም በ2.6፣ ኢትሪየም በ4.8፣ ሴሪየም በ6.2፣ ዩራኒየም በ8.8 ቢወጣ፣ መስመሩ ማስ ዜሮ ላይ የሚቆርጠው፣ ማለትም መነሻው፣ 2.4 ነው። ይህ ቁጥር የፕላዝማው ፖቴንሺያል ነው። የመስመሩ ዝንባሌ ደግሞ በአንድ የማስ አሐድ 0.027 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል፤ ከእሱም የጋዙ ሙቀት 5,000 ኬልቪን ገደማ መሆኑ ይሰላል። አንድ ሥዕል ሁለቱን ምንጮች ለየብቻ ይሰጣል። መነሻው ከፍ ካለ ጥፋቱ ከሺልዱ፣ ከኮይሉ ወይም ከግራውንዱ ነው። ዝንባሌው ከተለወጠ ጥፋቱ ከጋዙ፣ ከኃይሉ ወይም ከውኃው ጭነት ነው። መስመሩ ከጎበጠ ደግሞ ከስኪመሩ (ከሳምፕለሩ ቀጥሎ ካለው ሁለተኛ ኮን) በስተጀርባ ያለውን ነገር መጠርጠር ይገባል።

ጊዜ ለሌለው ሰው አጭር ፈተና አለ። የኔቡላይዘሩን (ናሙናውን ወደ ጭጋግ የሚለውጠውን ክፍል) ጋዝ በደቂቃ 0.1 ሊትር ጨምሩና የአንዱን ማስ ገደል ብቻ እንደገና ተመልከቱ። በደንብ የተከለለ ፕላዝማ ብዙም አይነቃነቅም። ያልተመጣጠነ ፕላዝማ ግን በኔቡላይዘሩ ጋዝ መጨመር ፖቴንሺያሉ ይወጣል፤ ገደሉ በአንድ ወይም በሁለት ቮልት ከሸሸ ሺልዱን መፍታት ነው።

ጥገናውን ከፕላዝማው ጀምሮ ወደ ውስጥ መሄድ ይበጃል። በተቃራኒው የሚሄድ ሰው ያልተረጋጋ ምንጭ ላይ ሌንስ ሲያስተካክል ይውላል። ሺልዱን ከዚህ በፊት አይተናል። ኮይሉ በጊዜ ብዛት ይጣመማል፣ ይጠቁራል፤ ዙሮቹ እኩል ካልተራራቁ ወይም ቶርቹ መሃላቸው ካልቆመ ካፓሲተሩ በአንድ ወገን ይበረታል። ቶርቹ ከኮኑ ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ ሲቀርብ ዲስቻርጅ ይጋበዛል። የሴሪየም ኦክሳይድ ለሴሪየም ያለው ንፅፅር ከ1.5 በመቶ በታች፣ ሁለት ቻርጅ ያለው ሴሪየም ከ3 በመቶ በታች መሆኑን እዩ። የሁለት ቻርጁ ቁጥር ኦክሳይዱ ሳይለወጥ ብቻውን ካሻቀበ ዲስቻርጅ መጀመሩን ይናገራል። ስፕሬይ ቻምበሩ (የጭጋጉ ትላልቅ ጠብታዎች የሚቀሩበት ክፍል) በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ወደ ፕላዝማው የሚገባው የውኃ ትነት ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣው ሲደክም የጋዙ ሙቀትና የመስመሩ ዝንባሌ ከሰዓት በኋላ መዋዠቅ ይጀምራሉ። መግቢያው ላይ ያነሳነው የጠዋትና የከሰዓት ልዩነት ከሺልዱ ቀጥሎ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ኮኖቹ ናቸው። ሳምፕለሩ ግራውንድ የሚሆነው በሚቀመጥበት በውኃ በሚቀዘቅዘው ብረት በኩል ነው፤ በመካከላቸው ጨው ወይም ዝገት ካለ ኮኑ በሙቀትም በኤሌክትሪክም ይነጠላል። ኮኑ በወጣ ቁጥር መቀመጫው መጥረግ አለበት፤ የግራፋይት ጋስኬት ካለ ደግሞ ሳይሰበር መመለሱን ማየት ያስፈልጋል። ኒኬል ኮን በለስላሳ ሳሙና በአልትራሳውንድ ይታጠባል፤ በጥቅጥቅ ናይትሪክ አሲድ አይዘፈዘፍም፤ ቀዳዳውም በሽቦ አይቆረቆርም። ቀዳዳው ከ1.0 ወደ 1.1 ሚሊሜትር ቢሰፋ ስፋቱ በ21 በመቶ ይጨምራል፤ የኢንተርፌሱ ግፊትም ተከትሎት ይወጣል። በናሙናው ውስጥ የሟሟ ጨው ከ0.2 በመቶ በላይ ሲሆን ቀዳዳው ቀኑን ሙሉ ቅርፁን እየለወጠ ስለሚሄድ፣ ናሙናውን ማቅጠን ከማንኛውም ቅኝት ይሻላል።

የኢንተርፌሱ ግፊት ለምን ይጎዳል? ከሳምፕለሩ የሚወጣው ጄት ዘላለም አይሄድም፤ የማክ ዲስክ በሚባል የድንጋጤ ሞገድ ይቆማል። ዲስኩ ያለበት ርቀት በቀዳዳው ስፋት 0.67 እጥፍ፣ ሲባዛ በውጭና በውስጥ ግፊት ንፅፅር ካሬ ሩት ነው። በባሕር ወለል 760 ቶር፣ ውስጥ 2 ቶር ሲሆን በ1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ዲስኩ ከ13 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል። የስኪመሩ ጫፍ በ9 ሚሊሜትር ላይ ቢሆን በሰላም ከዲስኩ በፊት ነው። የሮታሪ ፓምፑ ዘይት ጠቁሮ ግፊቱ ወደ 4 ቶር ቢወጣ ግን ዲስኩ ወደ 9.2 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ስኪመሩ የድንጋጤ ሞገዱ አፍ ላይ ይቆማል ማለት ነው። አዮኖቹ እዚያ እንደገና ይጋጫሉ፤ አንድ የነበረው ፍጥነታቸውም ይደፈርሳል። ዘይት መቀየር ብላንክ ያወርዳል ሲባል የማያምን ሰው ይህን ስሌት ይመልከተው።

ከስኪመሩ በኋላ ሌላ ነገር ይጀምራል። ኤሌክትሮኖቹ ይበተናሉ፤ የቀሩት ፖዘቲቭ አዮኖች፣ አብዛኞቹ አርጎን፣ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በስኪመሩ የሚያልፈው የአዮን ጅረት እስከ 1.5 ሚሊአምፔር እንደሚደርስ ተሰልቷል፤ ሌንሶቹ ሊሸከሙ የሚችሉት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ከባዱ አዮን ኢነርጂው ብዙ ስለሆነ መሃሉን ይይዛል፤ ቀላሉ ወደ ጎን ይገፋል። በባለ ብዙ ኮሌክተር መሣሪያ (ብዙ ማሶችን በአንድ ጊዜ በሚለካው) የሚታየው የማስ መዛባት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በአንድ የማስ አሐድ ለዩራኒየም 1 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለሊቲየም ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል። መፍትሔው ከስኪመሩ ጀርባ ወዲያው በብርቱ ነጋቲቭ ቮልቴጅ መሳብ ነው፤ አዮኖቹ ቶሎ ሲፈጥኑ ለመገፋፋት ጊዜ አያገኙም። በናሙናው ውስጥ ብዙ ሶዲየም ወይም ካልሲየም ሲኖር ግን ግፊቱ እንደገና ይበረታል፤ የውስጥ ስታንዳርድ (ለማነጻጸሪያ በታወቀ መጠን የሚጨመር ንጥረ ነገር) ለማሱ ቅርብ የሆነ መመረጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

የማግኔት ሴክተር መሣሪያዎች ታሪክ ይህን ሁሉ በሌላ ዓይን ያሳያል። ማግኔት ብቻውን በክብደትና በኢነርጂ መካከል አይለይም፤ የኢነርጂው 1 በመቶ ልዩነት ለእሱ የክብደት 1 በመቶ ልዩነት ነው። በ6,000 ቮልት የተፋጠነ ጨረር 20 ኤሌክትሮን ቮልት ቢበታተን የመለየት አቅሙ በ300 ይገደባል። ስርጭቱ 2 ቢሆን 3,000 ይደርሳል። ስለዚህ በ1990ዎቹ የወጡት ባለ ብዙ ኮሌክተር መሣሪያዎች፣ ከቪጂ ፕላዝማ 54 ጀምሮ፣ ከማግኔቱ ፊት ኤሌክትሮስታቲክ አናላይዘር አስቀመጡ፤ እሱ የሚያመጣው መበተን የማግኔቱን መበተን ይሰርዘዋል። አይሶፕሮብ የተባለው መሣሪያ ሌላ መንገድ ሄደ፦ አናላይዘሩን ትቶ፣ አዮኖቹን ጋዝ ባለበት ሄክሳፖል (ባለ ስድስት ዘንግ ሴል) ውስጥ አቀዘቀዛቸው፤ ስርጭታቸውም ወደ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ወረደ። ዋጋው በሴሉ ውስጥ የሚፈጠሩ ሃይድራይዶች ነበሩ፤ ጥቂት የውኃ ትነት ካለ አዮኑ ሃይድሮጂን ይለጥፍና በአንድ ማስ ከፍ ብሎ ይታያል። ዛሬ እንደ ኑ ሳፋየር ያሉት መሣሪያዎች ሁለቱን መንገዶች በአንድ አካል ይዘዋል፤ ፖታሲየም 41ን ከአርጎን ሃይድራይድ ለማላቀቅ ጋዙን ይጠቀማሉ። ለተራ ኳድሩፖል ተጠቃሚም ትምህርቱ አንድ ነው፦ የሂሊየሙ ንጽህና 99.999 በመቶ፣ መስመሩም የደረቀ ይሁን።

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች ለሚሠሩ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው የሚመረቱት ከባሕር ወለል እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ታስበው ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊትም 580 ቶር ገደማ ነው። የማክ ዲስኩ በዚህ አይጎዳም፤ የውጭው ግፊት ሲቀንስ በቀዳዳው የሚገባው ጋዝ በዚያው ልክ ስለሚቀንስ የውስጡም ግፊት አብሮ ይወርዳል፣ ንፅፅሩ ሳይለወጥ ዲስኩ 13 ሚሊሜትር ላይ ይቆያል። የሚለወጠው ሌላ ነው። የጋዝ መቆጣጠሪያው የሚቆጥረው በባሕር ወለል ሊትር ነው፤ 1.0 ሊትር የተባለው የኔቡላይዘር ጋዝ በ580 ቶር 1.3 ሊትር ያህል ሆኖ ይሰፋል። በቶርቹ መሃል የሚሄደው ጋዝ በዚያው ልክ ይፈጥናል፤ ናሙናው በፕላዝማው ውስጥ የሚቆየው ጊዜ ያጥራል፤ ኦክሳይድም ይጨምራል። ስለዚህ ከባሕር ወለል ላቦራቶሪ የተገለበጠ ዘዴ ሳይስተካከል አይሠራም። የኔቡላይዘሩን ጋዝ በ0.05 ሊትር እርምጃ እየቀነሱ ኦክሳይዱና ማቆሚያ ኩርባው የት እንደሚረጉ መፈለግ ይሻላል። አየሩ ሲሳሳ በኮይሉና በሺልዱ መካከል ብልጭታ ለመነሳት የሚያስፈልገው ቮልቴጅም በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ አቧራና እርጥበት ያለበት የቶርች ሳጥን እዚህ ከሌላ ቦታ ይልቅ ቶሎ ይቀጣል። ሳጥኑን በየሳምንቱ መጥረግ፣ የኳርትዝ ቦኔቱን (የመከለያ ቱቦውን) ስንጥቅ መፈለግ፣ የጭስ ማውጫውን ስበት መለካት የግድ ነው።

የማቆሚያ ኩርባው በወር አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ኮን፣ ቶርች ወይም ሺልድ በተቀየረ ቁጥር ይወሰድ። ከመሣሪያው መዝገብ ላይ አራት ቁጥሮች ብቻ ይጻፉ፦ መነሻው፣ ዝንባሌው፣ የኢትሪየም ስፋትና የኢንተርፌሱ ግፊት። ብላንኩ በከፍታ የመጣ ዕለት መጀመሪያ የሚከፈተው ያ ገጽ ይሁን፤ መነሻው ከ2.4 ወደ 5 ከወጣ ቶርች ሳጥኑ ይከፈታል፣ መነሻውም ዝንባሌውም ካልተነቃነቁ ግን ሂሊየሙና ሴሉ ይፈተሻሉ።